የአንድ ዓመት የሰማይ ምልከታ ዕቅድ ለትምህርት ቤቶች፤ ውጫሌን እንደ ምሳሌ

መግቢያ

ስለ ፀሐይ ቤተሰብ፣ ስለ ጨረቃ መልኮችና ስለ ግርዶሽ አንዳች የማይናገር የሳይንስ ወይም የጂኦግራፊ መጽሐፍ በትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ትምህርቱ የሚሰጠው በቀን፣ በጣራ ሥርና በጥቁር ሰሌዳ ላይ በተሳሉ ክቦች አማካይነት ስለሆነ፣ ተማሪው የስምንቱን ፕላኔቶች ስም በቃሉ ሲደረድር ቆይቶ፣ ከእነርሱ አንዱ ማታ ከቤቱ ደጃፍ በላይ እያበራ ሳለ ሳያውቀው ያልፋል። መምህሩም ቢሆን «ዛሬ ማታ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ» ለማለት የሚያስችለው መረጃ ብዙውን ጊዜ በእጁ የለም። የሚያገኘው መረጃ ቢኖርም በሌላ አገር የዘመን አቆጣጠር፣ በሌላ አገር ሰዓትና ለሌላ አገር አድማስ የተዘጋጀ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ትምህርት ቤት በራሱ አቅምና በራሱ አቆጣጠር የአንድ ዓመት የሰማይ ምልከታ ዕቅድ እንዴት ሊያወጣ እንደሚችል ማሳየት ነው። ለምሳሌ የተመረጠው ሥፍራ በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል ወረዳ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የውጫሌ ከተማ ስትሆን፣ የተመረጠው ዓመት ደግሞ 2019 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ነው። ዓመቱ የተመረጠበት ምክንያት ስለ ጨረቃ በሚናገረው ክፍል ይገለጻል።

ዕቅዱ ቴሌስኮፕ አይጠይቅም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በደቡብ ወሎ ባለፈበት ጊዜ ብዙ ትምህርት ቤቶች የቤተ ሙከራና የቤተ መጻሕፍት ንብረታቸውን እንዳጡ ይታወቃል። መሣሪያ እስኪሟላ እንጠብቅ ከተባለ ትምህርቱ ለረጅም ጊዜ አይሰጥም ማለት ነው። ደግነቱ ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ማርስ፣ ጁፒተርና ሳተርን በዐይን ብቻ የሚታዩ ናቸው። የቀድሞ ሊቃውንትም ዐጣርድ፣ ዝሑራ፣ መሪኅ፣ መሽተሪና ዙሐል እያሉ ስም ያወጡላቸው ያለ አንዳች መስተዋት ተመልክተው ነው።

ቀንና ሰዓትን ስለ መለወጥ

ብዙው ስሕተት የሚፈጠረው ገና ሰማዩ ሳይታይ፣ በወረቀት ላይ ነው። ለውጫሌ መምህራን በጣም ቅርብ የሆነ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የውጫሌ ውል በይስማ ንጉሥ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 2 ቀን 1889 ነበር። ዛሬ ግን ሜይ 2 የሚውለው ሚያዝያ 24 ነው እንጂ ሚያዝያ 25 አይደለም። ልዩነቱ የመጣው የአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1900 ላይ በአራት ዓመት አንዴ የሚጨመረውን ቀን ሲያስቀር የእኛው ስላላስቀረ ነው። ስለዚህ ለአንድ ዘመን የሚሠራ የመለወጫ ሠንጠረዥ ለሌላው ዘመን እንደማይሠራ መገንዘብ ያስፈልጋል። (የዚያው ውል የአማርኛውና የጣሊያንኛው ጽሑፍ 17ኛ አንቀጽ ባለመስማማቱ ምን እንደተከተለ ተማሪዎች ከታሪክ ትምህርታቸው ያውቁታል፤ በሁለት ቋንቋ የተጻፈን ነገር ማመሳከር ለሰማይ ጠባቂም የሚያስፈልግ ልማድ ነው።)

ሁለተኛው ወጥመድ ሰዓቱ ነው። የውጭ አገር የሰማይ መዘርዝሮች ጊዜውን የሚያስቀምጡት በግሪኒች ሰዓት ስለሆነ 3 ሰዓት መጨመር፣ ከዚያም ወደ እኛ አቆጣጠር ለማምጣት 6 ሰዓት መቀነስ ይገባል። ከዚህ በላይ የሚያሳስተው ግን የቀኑ መጀመሪያ ነው። ለምሳሌ የየካቲት 2019 ሙሉ ጨረቃ በውጭው መዘርዝር ፌብሩዋሪ 20፣ 23 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ተብሎ ይገኛል። 3 ሰዓት ሲጨመርበት ፌብሩዋሪ 21፣ ከሌሊቱ 2 ሰዓት ከ24 ይሆናል። ፌብሩዋሪ 21 ደግሞ የካቲት 14 ነውና መምህሩ «የካቲት 14» ብሎ ያስታውቃል፤ ተማሪዎቹም በ14 ማታ ወጥተው አንድ ሌሊት ዘግይተው ያያሉ። በእኛ ልማድ ግን ያ ሰዓት የየካቲት 13 ሌሊት 8 ሰዓት ከ24 ነው። ስለዚህ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚሆነውን ሁሉ «የዚህ ቀን ማታ ለሚቀጥለው ቀን አጥቢያ» ብሎ መጻፍ ከስሕተት ያድናል።

ጨረቃና የወሩ ቀን

2019 ዓ.ም. ለትምህርት የተለየ ምቾት የሚሰጥ ዓመት ነው። ጨረቃ በአዲስ ዓመት ቀን፣ መስከረም 1፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ትታደሳለች። ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑና የጨረቃ ዙር ደግሞ 29 ቀን ተኩል ያህል ስለሆነ፣ በዚህ ዓመት የወሩ ቀን ቁጥር ራሱ የጨረቃን ዕድሜ ይናገራል። ሒሳቡ በወር የግማሽ ቀን ያህል ስለሚዛነፍ፣ ከመስከረም ወዲህ ባለፉት በየሁለቱ ወራት አንድ ቀን መጨመር በቂ ነው። በዚህ መሠረት በኅዳር 8 ቀን ጨረቃ የ9 ቀን ገደማ፣ በሚያዝያ 12 ቀን ደግሞ የ15 ወይም የ16 ቀን ትሆናለች። ውጤቱ በአንድ ቀን ያህል ሊሳሳት ይችላል፤ ነገር ግን የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ያለ ወረቀት ሊሠራው የሚችል ሒሳብ ነው፤ በዚያው ማታም ትክክለኛነቱን ራሱ ወጥቶ ሊፈትነው ይችላል።

ትምህርቱን ከሕዝቡ ኑሮ ጋር ማያያዝም ቀላል ነው። የደመራው ማታ፣ መስከረም 16፣ ጨረቃ ሙሉ ስለምትሆን ፀሐይ ስትጠልቅ በምሥራቅ ትወጣለች። ከአራት ቀን በኋላ ለግሸን ማርያም በዓል ዋዜማ ወደ አምባው የሚጓዘው ምእመን ግን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ጨረቃን አያገኝም። ሁለቱን ምሽቶች ያነጻጸረ ተማሪ ጨረቃ በየቀኑ በሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየች እንደምትወጣ መጽሐፍ ሳይነግረው ይረዳል። እንዲሁም ጥር 29 ምሽት ላይ የምትታደሰው ጨረቃ በጥር 30 ማታ ቀጭን ሆና በምዕራብ ልትታይ ስለምትችል፣ የረመዳን ጨረቃ በሚጠበቅበት ማታ ክፍሉ በሙሉ ታዛቢ ሊሆን ይችላል። የጾሙን መግቢያ መወሰን የሃይማኖት አባቶች ሥራ ነው። የተማሪው ሥራ ያየውን፣ ያየበትን ሰዓትና አቅጣጫውን መጻፍ ብቻ ነው።

በአካባቢው የባሕረ ሐሳብ ዐዋቂ ከተገኘ ሊጋበዝ ይገባዋል። የ2019 ዓ.ም. መጥቅዕ 7፣ አበቅቴ 23 ነው፤ ነነዌ የካቲት 15፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላሉ። በዚሁ ስሌት ለፋሲካ መነሻ የሚሆነው የጨረቃ 14ኛ ቀን ሚያዝያ 17 ነው። በሰማይ ላይ የምትታየው ጨረቃ ግን የምትሞላው ሚያዝያ 12 ሌሊት ነው። ይህ ልዩነት ለክፍል ውይይት ትልቅ ሀብት እንጂ የሚደበቅ ነገር አይደለም። ስሌቱ የተመሠረተበት የ19 ዓመት ዙር ከእውነተኛው የጨረቃ ጉዞ የሚለየው በ19 ዓመት ውስጥ በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለው ጥቂት ልዩነት ግን በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሞላል። ስሌቱ በመጀመሪያዎቹ የክርስትና ምእት ዓመታት ከሰማዩ ጋር የሚስማማ ስለነበር፣ የዛሬው የአራትና የአምስት ቀን ልዩነት የዕድሜው ምስክር ነው። ጥንታዊ አባቶች ያለ ሰዓት ቆጣሪ ምን ያህል ወደ እውነቱ ቀርበው እንደነበር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

አድማስና ወቅት

በሜዳ ለሚኖር ሕዝብ የተዘጋጀ መዘርዝር በተራራ ሥር ላለ ትምህርት ቤት ሲያገለግል ብዙ ነገር ይቀርበታል። ስለዚህ የዕቅዱ የመጀመሪያ ተግባር የአድማስ ካርታ መሥራት ነው። ተማሪዎች በግቢው ውስጥ አንድ ቋሚ ቦታ ይመርጣሉ፤ ክንዳቸውን ዘርግተው በየአቅጣጫው የተራራው ጫፍ ስንት የተጨበጠ እጅ እንደሚሆን ይለካሉ። በተዘረጋ ክንድ ላይ የተጨበጠ እጅ 10 ዲግሪ፣ ስንዝር 20 ዲግሪ፣ ትንሿ ጣት 1 ዲግሪ ገደማ ናቸው። በምዕራብ ያለው ተራራ ሁለት ጭብጥ ከሆነ፣ ፀሐይ ከእውነተኛው መጥለቂያዋ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀደም ብላ ከዐይን ትሰወራለች። ከፀሐይ ከ28 ዲግሪ በላይ የማይርቀውን ሜርኩሪን ከዚያ ቦታ ለማየት መድከም ዋጋ የለውም። በጥር የመጨረሻ ሳምንት ሜርኩሪ በምዕራብ ለማታ ምልከታ ይመቻል፤ ግን ምዕራቡ የተከፈተ ከፍታ መፈለግ ግድ ይሆናል። በስተሰሜንም እንዲሁ ነው፤ በውጫሌ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ የሚርቀው 11 ዲግሪ ተኩል፣ ማለት ከአንድ ጭብጥ ጥቂት በልጦ ብቻ ስለሆነ፣ መካከለኛ ኮረብታ ይሸፍነዋል።

ወቅቱን በሚመለከት፣ የወሎ ሰማይ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ በክረምት ደመና ይሸፈናል፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያም የበልግ ደመና ይመላለሳል። አስተማማኙ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው በጋ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ክብደቱን በእነዚህ አራት ወራት ላይ ማድረግ አለበት። አሥራ ሁለቱን ወራት እኩል የሚያከፋፍል ዕቅድ በወረቀት ላይ ያምራል፤ በሐምሌ ግን ይፈርሳል። ምልከታውም የቤት ሥራ ቢሆን ይመረጣል። ተማሪዎችን በሌሊት ከየመንደራቸው ወደ ትምህርት ቤት መጥራት ከመንገዱ ርቀትና ከጸጥታው ሁኔታ የተነሣ የሚመከር አይደለም፤ ሰማዩ ከእያንዳንዱ ግቢ በላይ አለና።

የ2019 ዓ.ም. ፕላኔቶች

በመስከረም መጀመሪያ ፀሐይ እንደጠለቀች በምዕራብ ጎልታ የምትታየው ቬነስ ናት። መስከረም 4 ማታ ቀጭኗ ጨረቃ ከአጠገቧ ትገኛለች። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ዝቅ እያለች ትሄድና ጥቅምት 14 ቀን በምድርና በፀሐይ መካከል ታልፋለች። በኅዳር መጀመሪያ በምሥራቅ፣ ከንጋት በፊት፣ የአጥቢያ ኮከብ ሆና ትገለጣለች። የምሽቷና የአጥቢያዋ ኮከብ አንድ መሆናቸውን ተማሪው ከመምህሩ ሰምቶ ከማመን ይልቅ በአንድ ወር ውስጥ በዐይኑ ቢከታተለው ትምህርቱ አይረሳውም። ታኅሣሥ 25 ገደማ ከፀሐይ በጣም የራቀችበት ጊዜ ስለሆነ ከንጋት በፊት ረጅም ሰዓት ትታያለች።

ሳተርን መስከረም 24 ቀን ከፀሐይ ትይዩ ይሆናል፤ ማለትም ፀሐይ ስትጠልቅ በምሥራቅ ወጥቶ ሌሊቱን ሙሉ ይታያል። ቀለበቱን ለማየት ግን ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል።

የዓመቱ ዋና ትምህርት በማርስና በጁፒተር ላይ የሚመሠረት ነው። ኅዳር 7 ቀን፣ ከንጋት በፊት፣ ሁለቱ ከትንሿ ጣት ወርድ ጥቂት በሚበልጥ ርቀት ተጠጋግተው ይታያሉ፤ ይበልጥ የሚያበራው ጁፒተር፣ ቀላ የሚለው ማርስ ነው። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ተማሪው በየሳምንቱ አንድ ጊዜ የሁለቱን ቦታ በአጠገባቸው ካሉት ከዋክብት ጋር በወረቀት ላይ ይሳል። ማርስ መጀመሪያ ከጁፒተር እየራቀ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፤ በጥር መጀመሪያ ይቆማል፤ ከዚያም ወደ ኋላ መመለስ ይጀምራል። ወደ መጋቢት መጨረሻ እንደገና ቆሞ ጉዞውን ወደ ምሥራቅ ይቀጥላል። ይህ የኋሊት ጉዞ ጥንታውያን የከዋክብት ዐዋቂዎችን ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ያስጨነቀ ጥያቄ ነበር፤ መልሱም ምድር በውስጠኛው መንገድ ፈጥና ስትሄድ ማርስን ቀድማ ስለምታልፈው ነው። ከውጫሌ ወደ ደሴ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ሌላ መኪና ሲቀደም ያየ ልጅ ወዲያው ይገባዋል።

ጁፒተር የካቲት 3 ሌሊት ገደማ፣ ማርስ ደግሞ የካቲት 12 ቀን ከፀሐይ ትይዩ ይሆናሉ። የካቲት 13 ማታ ሙሉ ጨረቃ ከማርስ አጠገብ ትወጣለች፤ ጁፒተርም ከእነርሱ ከአንድ እስከ ሁለት ጭብጥ በማይበልጥ ርቀት ይገኛል። ማርስ በዚህ ጊዜ ከእኛ 101 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ1995 ዓ.ም. ነሐሴ 21 ቀን ግን እስከ 56 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ድረስ ቀርቦ ነበር። ከዚያ ዓመት ወዲህ «ማርስ እንደ ጨረቃ ገዝፎ ሊታይ ነው» የሚል ወሬ በየጊዜው ይናፈሳል። ማርስ መቼም ቢሆን በዐይን ከነጥብ በላይ ሆኖ አይታይም፤ ተማሪው ይህን በራሱ ካረጋገጠ ሌሎች ወሬዎችንም መመርመር ይለምዳል።

በመካከሉ ሊታለፍ የማይገባው የታኅሣሥ 4 ሌሊት ነው። በዚያ ሌሊት ተወርዋሪ ከዋክብት በብዛት የሚታዩ ሲሆን፣ የአራት ቀኗ ጨረቃም ቀደም ብላ ስለምትጠልቅ ሰማዩ ጨለማ ይሆናል። ሚያዝያ 12 ቀን ደግሞ የቀን ሥራ አለ። በዚያ ዕለት ፀሐይ በውጫሌ ቀጥታ ከራስ በላይ ስለምታልፍ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ላይ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ጥላ አይኖረውም። ይኸው ነገር በነሐሴ 17 ይደገማል፤ የሚደገመው ግን በደመና ውስጥ ነው።

ስለ ጅራታም ኮከቦች

ጅራታም ኮከብ በዕቅድ ውስጥ በቀን አይገባም። ሃሌይ የተባለው በ1978 ዓ.ም. ታይቶ ሄዷል፤ የሚመለሰው በ2053 ዓ.ም. ስለሆነ የዛሬዎቹ ተማሪዎች በጎልማሳነታቸው ይጠብቁታል። ብዙዎቹ ግን ሳይታሰቡ የሚመጡ ናቸው። በ1966 ዓ.ም. ኮሁቴክ የተባለው ታላቅ ብርሃን ይሆናል ተብሎ በዓለም ሁሉ ሲጠበቅ ደብዝዞ አለፈ። በአንጻሩ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት መጀመሪያ በምዕራብ አድማስ ላይ ያለ መሣሪያ የታየው ጹቺንሻን አትላስ ከመገኘቱ እስከ መታየቱ የሁለት ዓመት ጊዜ እንኳ አልሞላውም። ስለዚህ የሚያዋጣው በየወሩ አንድ ባዶ ሳምንት ትቶ፣ ወሬው ሲሰማ ያን ሳምንት ለእርሱ ማዋል ነው።

ጅራታም ኮከብ የክፉ ዘመን ምልክት ነው የሚለው እምነት በብዙ ቤቶች ይኖራል። መምህሩ በዚህ ላይ መሳለቅ አይገባውም። ከፀሐይ ሙቀት የተነሣ በረዶውና አቧራው ተንኖ ጅራት እንደሚሆን ያስረዳ፤ ሃሌይ በየ76 ዓመቱ ገደማ፣ በደጉም በክፉውም ዘመን፣ እንደተመላለሰ ያሳይ፤ ፍርዱን ለተማሪው ይተው።

ስለ መዝገቡ

ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ደብተር ይበቃል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የቆመበት ቦታ፣ የደመናው መጠንና ያየው ነገር ይጻፍበታል። ዋናው ሥርዓት ሰማዩ በደመና ሲሸፈን «ደመና» ብሎ መጻፍ ነው፤ ባዶ መስመር ተማሪው መተኛቱን ወይም ሰማዩ መሸፈኑን አይለይምና። በዓመቱ መጨረሻ ደብተሮቹ ሲሰበሰቡ በየወሩ ስንት ማታ ሰማዩ ጥርት ብሎ እንደነበር የሚያሳይ ቁጥር ይገኛል። ለቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ለዚያ ትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። በእንጦጦ የሚገኙት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖችና በላሊበላ አካባቢ ተራሮች ላይ ሲካሄድ የቆየው የምልከታ ሥፍራ ጥናትም በመጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ ስንት ሌሊት ሰማዩ ይጠራል?

የሐምሌ 26 ግርዶሽ

በ2019 ዓ.ም. ጥላው በግልጽ የሚታይ የጨረቃ ግርዶሽ የለም። በጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ጨረቃ ስትቀላ ያዩ ተማሪዎች ተመሳሳዩን በዚህ ዓመት አይጠብቁ። ነገር ግን ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ታላቅ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል። ሙሉ ጥላው በሰሜን አፍሪካ በኩል በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ያልፋል፤ በግብፅ ሉክሶር አካባቢ ጨለማው ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል። በውጫሌ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ አትሸፈንም፤ ሆኖም ከቀኑ ወደ 8 ሰዓት ሲቃረብ አብዛኛው ገጽዋ ይጋረዳል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጧት በላሊበላ ፀሐይ የቀለበት ቅርጽ ይዛ ስትታይ ብዙ ሕዝብ ለማየት ተሰብስቦ ነበር። የዚህኛው ችግር ወቅቱ ክረምት፣ ሰዓቱም ደመና የሚበዛበት ከሰዓት በኋላ መሆኑ ነው።

ችግሩ ግን ደመናው ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱም ዝግ ነው። ጥቁር መነጽር፣ የራጅ ፊልም፣ በጭስ የጠቆረ መስተዋት፣ በውኃ ገንዳ ላይ የሚታይ ነጸብራቅ ሁሉ ዐይንን ይጎዳሉ፤ ጉዳቱም ሕመም ስለሌለው ልጁ የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መከላከያ መነጽር ካልተገኘ፣ ፀሐይን ወደ ኋላ አድርጎ በካርቶን ላይ በመርፌ በተበሳ ቀዳዳ የሚያልፈውን ብርሃን በነጭ ወረቀት ላይ መቀበል ከአደጋ ነጻ ነው። የዛፍ ቅጠሎች ክፍተትም ይህንኑ ይሠራል፤ ከዛፉ ሥር በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ የፀሐይ ጨረቃዎች መሬት ላይ ይታያሉ። ደመናው ባይገለጥ እንኳ የብርሃኑን መቀነስ፣ የነፋሱን ለውጥና የወፎቹን ሁኔታ በየአሥር ደቂቃው መመዝገብ ይቻላል። ይህ ሁሉ ትምህርት ከሰኔው ፈተና በፊት ባለው ሳምንት ካልተሰጠ ሌላ ጊዜ አይገኝለትም። ሐምሌ 26 ቀን ተማሪው የሚገኘው ከወላጆቹ ጋር በእርሻ ላይ ነው።